ባለ እጀታው የጨርቅ መትከያ ከረጢት፦ ለበረንዳ አትክልተኞች

ጓሮ ያለው ሰው ይህን ዕቃ ባይገዛ ምንም አይቀርበትም፤ መሬቱ ላይ ይትከል። የእኔ በረንዳ ግን ወንበር ከገባበት በሩ አይዘጋም። ቲማቲምና ቃሪያ የማበቅለው በጨርቅ ከረጢት ነው። ባለ 20 እና ባለ 40 ሊትሩን ገዝቼ ዝናቡንም ሐሩሩንም አሳልፌባቸዋለሁ፤ ሻጩ የማይነግራችሁን ጭምር ልንገራችሁ።

ጨርቅ ይባል እንጂ በድርና ማግ የተሸመነ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት የወጡ ጭረቶች ተጠቅጥቀው የተሠራ ነው፤ ሲዳስሱት እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሻክራል። ጥበቡም እዚያው ጨርቁ ላይ ነው። በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሥር ግድግዳ ሲነካ ይታጠፍና ዙሪያውን እየተጠመጠመ ይሄዳል። እዚህ ግን የሥሩ ጫፍ ጨርቁ ጋ ሲደርስ አየር ያገኘውና ይደርቃል፤ ከኋላው ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ያቆጠቁጣሉ። ምርቱ አልቆ አንዱን ከረጢት ስገለብጠው ያየሁት ይህንኑ ነው፤ አፈሩ ከዳር እስከ ዳር በሥር ተይዟል፣ የተጠቀለለ ግን የለም። ውሃም ቢበዛበት አይተኛበትም፣ ከታች ይወርዳል።

ይኸው መተንፈሱ ግን ዕዳ አለው፤ ይደርቃል። በጎንም በላይም ስለሚተን፣ ነፋስና የከሰዓት ፀሐይ በተገናኙበት ቀን ጠዋት የጠጣ ቲማቲም ማታ ቅጠሉን ጥሎ ይጠብቃችኋል። ሲደርቅና ሲረጥብ የከረመ ቲማቲም ደግሞ ፍሬው ከቂጡ ይጠቁራል። ብዙ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይፈልጋል፤ መድኃኒት አያሻውም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው በውሃ ተሸክሞ ስለሆነ ውሃው ሲቆራረጥ ፍሬው ይጎድልበታል። ውሃው ሲስተካከል ቀጥሎ የሚያፈራው ደህና ይሆናል። አፈሩ ጭራሽ ደርቆ ውሃ አልቀበል ካለ (ከላይ ስታፈሱበት በጎን ብቻ ሾልኮ ይወጣል) ከረጢቱን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጡት፤ ከታች ወደ ላይ ይመጠዋል። ላዩን በደረቅ ሣር መሸፈንም ብዙ ይረዳል። በጎኑ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ አትደንግጡ፣ ውሃው ተንኖ የቀረ ማዕድን ነው።

ስለዚህ ጎረቤት የሌለው ሰው ይህን ከረጢት እንዲገዛ አልመክርም። ቀልድ አይደለም። አንድ ሳምንት ከቤት ከራቃችሁ የሚያጠጣላችሁ ሰው ያስፈልጋል፤ የእኔን ታችኛው ፎቅ ያሉት ጋሼ ያጠጡልኛል። ማጠጫውን በር ላይ ትቼላቸው ስሄድ ሁሌም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ከታች እስኪንጠባጠብ ነው አይደል ልጄ?» አዎ ጋሼ፣ እስኪንጠባጠብ።

የከረጢቱ ትልቁ ሀብት ግን እጀታው ነው፤ ይህን ያወቅሁት ፀሐዬ ስትወሰድ ነው። የፎቁን ግድግዳ ለማደስ በረንዳዬ ፊት መወጣጫ እንጨት ተተክሎ ሸራ ተዘረጋበት። ቲማቲም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። የእኔዎቹ ወደ ብርሃን እየተንጠራሩ አንገታቸው ቀጠነ፣ አበባቸው ረገፈ። ፊት ለፊት ያሉት እትዬ በመስኮት ሲያዩኝ ከርመው አንድ ቀን ተቆጡ። «ልጄ፣ እኔ ጋ ፀሐዩ ሞልቶ ተርፏል፤ ምን እዚያ ጨለማ ውስጥ ታሰቃያቸዋለሽ? አምጪያቸው!»

የሸክላ ማሰሮ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይሞቱ ነበር። ከረጢቶቹን ግን በእጀታቸው ይዘን ደረጃውን ወርደን በሌላኛው ወጣን። ባለ 20ውን አንድ ሰው ይችለዋል። ባለ 40ው ውሃ ሲጠግብ የሁለት ሰው ሸክም ነው፤ ለማንሳት ካሰባችሁ ከማጠጣታችሁ በፊት ይሁን። በመንገድ ላይ የአንደኛው ባለ 40 እጀታ ተበጠሰ። ጨርቁ ምንም አልሆነም፤ የተሰፋው በአንድ መስመር ቀጭን ክር ብቻ ስለሆነ ነው። ይህ የአሠራር ጉድለት ነው፣ ለእሱ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ። ጋሼ የልብስ ሰፊ ጡረተኛ ናቸውና በናይሎን ክር አራት ማዕዘን አድርገው፣ መሃሉን በመስቀለኛ ደግመው ሰፉት። የቀሩትንም ሳልጠይቃቸው አጠናከሯቸው። ስትገዙ እጀታውን ገልብጣችሁ ይህን ዓይነት ስፌት ፈልጉ።

ቃሪያው ላይ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) የወጣ ጊዜም እጀታው ጠቅሞኛል፤ የተያዘውን ለይቼ ወደ ጥግ ወስጄ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ በውሃ ግፊት አጠብኩት፣ ወደ ሌላው አልተዛመተም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለሰላጣና ለቆስጣ ትልቅ ከረጢት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሥራቸው ጥልቀት አይፈልግም። ለቃሪያ ባለ 20 ይበቃል። ለረጅም ቲማቲም ባለ 40ውን ውሰዱ፤ አፈር በበዛ ቁጥር ውሃ ቶሎ አያልቅበትም። የጓሮ አፈር ብቻውን አትሙሉበት፣ ይጠጥራል፤ ኮምፖስትና የኮኮናት ገለባ ቀላቅሉበት። ፀሐይ ፖሊፕሮፒሊንን ስለምታደክመው ለዘላለም እንደማይቆይም እወቁ፤ የእኔዎቹ አፋቸው አካባቢ መፈርፈር ጀምረዋል።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ሸራው ተነሥቶ ፀሐዬ ተመልሳለች፤ ከረጢቶቹ ግን እስካሁን እትዬ ጋ ናቸው። ላምጣቸው ባልኩ ቁጥር «ገና አበባ ላይ ናቸው፣ አሁን አይነኩም» ይሉኛል። ስለዚህ ሌላ ሁለት ባለ 20 አዝዣለሁ፤ ሲመጡ መጀመሪያ ወደ ጋሼ መርፌ ነው የሚሄዱት።