ሲዜድ 452 ሉክስ በአዳማ አቧራና ነፋስ

ይህችን ጠመንጃ የገዛኋት ያገለገለች ሆና ነው። ክረምቱንም በጋውንም ከእኔ ጋር ስላሳለፈች አሁን ስለ እርሷ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ሲዜድ 452 ሉክስ ትባላለች፤ የቼክ ሥራ ናት፤ የምትተኩሰውም ሃያ ሁለት ካሊበር ማለትም 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለው የዶሮ እርባታዬ የመኖ መጋዘን አለ። መኖ ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ መርዝ እንዳላኖር ደግሞ ዶሮዎቹና ውሾቹ አሉ። ለዚህ ሥራ ትልቅ ጠመንጃ ትርፉ ጩኸትና አደጋ ነው።

ጠመንጃ ከመምረጤ በፊት የጠየቅሁት ስለ ፈቃድ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል መሆኑን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ጠመንጃ ትንሽ ስለሆነ ከሕግ አያመልጥም። ዝንጀሮና ከርከሮ ላይ ለመተኮስ የሚያስብ ካለም የጠመንጃ ፈቃዱ ለዚያ አይበቃውም፤ የዱር እንስሳት የራሳቸው አዋጅ አላቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ጥይቱ ነው። በአገራችን የክላሽ ጥይት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ የሃያ ሁለቱን ግን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥይቱን ከየት እንደሚያገኝ ሳያረጋግጥ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብረት ነው የገዛው።

በእኔ ግምት በአዳማ ዙሪያ የእንዲህ ዓይነቱን ጠመንጃ ዕድሜ የሚወስነው አቧራ ነው። አንድ ጥይት ከካርቶኑ አውጥታችሁ በጣታችሁ ብታሹት እርሳሱ ላይ የተቀባውን ስስ ሰም ታገኙታላችሁ። በርሜሉ በእርሳስ እንዳይለበጥ የሚከላከለው ይኸው ሰም ነው። ጥይቱን ኪሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ በበጋ ግቢውን አንዴ ብትዞሩ ግን ሰሙ አሸዋ ለብሶ ይወጣል፤ ያ አሸዋ በቀጥታ ወደ በርሜል ይገባል። እኔ ጥይቶቼን ክዳን ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጣለሁ፤ ካዝናውን የምሞላውም ልተኩስ ስል ብቻ ነው።

በእጅ የምትቀባበል ጠመንጃ የመረጥኩትም በዚሁ በአቧራ ምክንያት ነው። የአሜሪካኑን ሩገር 10/22 አልነቅፍም፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እየተሠራ በዓለም ዙሪያ ስም ያተረፈ ነው። ነገር ግን ራሱን የሚያቀባብለው ከጥይቱ በሚያገኘው ጉልበት ነው፤ የሃያ ሁለት ጥይት ደግሞ ጥላሸቱ ብዙ ነው። ጥላሸት፣ ሰምና የአዳማ አቧራ ሲቦካ ያ ትንሽ ጉልበት ያንሳል። የእኔዋ ግን የክንዴን ጉልበት ነው የምትጠቀመው፤ አቧራ ሲገባባት እጄ ላይ ሻካራነቱ ይሰማኛል፤ ምላጩን ይዤ ማቀባበያውን ከነዘንጉ ስቤ አወጣና በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ በቃ። ዘይት በጣም ጥቂት ነው የማደርገው፤ በዘይት የራሰ ብረት አቧራን ይጠራል።

ነፋሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከከተማው አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ጥይት 2.6 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን እርሳስ ስለሆነ ከጎን የሚመጣ መካከለኛ ነፋስ በ50 ሜትር ርቀት ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ሊገፋው ይችላል። ለአይጥ ይህ መሳት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ አልተኩስም። የኋላ ማነጣጠሪያዋ ከ25 እስከ 200 ሜትር ምልክት አለው፤ እኔ ከ25 አሳልፌው አላውቅም፤ በዚያ ርቀት ግን የሳንቲም ስፋት ያለውን ክብ ደጋግማ ትመታለች።

ጥይቱ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ ደግሞ ነውር ነው። አፈሙዙ ቀና ብሎ ከተተኮሰ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ከወፍራም የአፈር ክምር ፊት ለፊት ካልሆነ በቀር አልተኩስም፤ ወደ ቆርቆሮ፣ ወደ ድንጋይ ወይም ወደ ውኃ ከቶ አይሆንም።

የማልወድላት ነገርም አለ። መቆለፊያዋ ወደ ፊት ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይከፍታል። ሌላ ጠመንጃ የለመደ እጅ ይህን ይገለብጠዋል፤ ስለዚህ ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካት አልፈቅድም። አምራቹም በኋላ ባወጣው 457 ላይ አቅጣጫውን ቀይሮታል። ሰደፏ ወገቡ ጎበጥ ያለ የዋልነት እንጨት ነው፤ በዓይን ብቻ ለሚያነጣጥር ይመቻል፣ ጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ለሚያስር ግን ጉንጭ ማሳረፊያው ዝቅ ይላል። ብረቷም ላብ አይወድም፤ ከተኩስ በኋላ በርሜሉን በደረቅ ጨርቅ ሳላብስ ቁም ሳጥን ውስጥ አልቆልፋትም።

ያገለገለች ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ከቀለሙና ከእንጨቱ በፊት የጥይት ማስገቢያውን አፍ በባትሪ ብርሃን ይመልከት። በዚህ ዓይነት ጥይት ማቀጣጠያው ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ መምቻው የሚያርፈውም እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ያለ ጥይት ምላጭ መሳብ የለመደ ባለቤት ከነበራት መምቻው የብረቱን አፍ ደጋግሞ መትቶ ትንሽ ጎድጓዳ ሊተው ይችላል። እዚያ ቦታ የተጎዳች ጠመንጃ ቀለህ ትይዛለች፣ ጥይትም ታከሽፋለች። አፉ ክብነቱን የጠበቀ፣ ጠርዙም ስል ሆኖ ከተገኘ፣ ሰደፉ ቢጫጫርም ይግዛት።