ካርታፕ 50 በመቶ፦ ከባሕር ትል የተወረሰ የተባይ መድኃኒት

ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ የግብርና ግብዓት መሸጫ የገዛሁት ካርታፕ ሃይድሮክሎራይድ፣ በውኃ የሚሟሟ 50 በመቶ ዱቄት፣ ጣና ዳር ባለችው የጥቅል ጎመን ማሳዬ ላይ የሚጠበቅበትን ሠርቷል። ሻጩ ግን «ለአባጨጓሬ ጠንካራ ነው» ከማለት በቀር ስለ መድኃኒቱ የነገረኝ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ምንነቱን ሳያውቁ ሊረጩት የሚገባ ዕቃ አይደለም።

የመድኃኒቱ መነሻ ጃፓን ውስጥ ዓሣ አጥማጆች ለማጥመጃነት የሚጠቀሙበት የባሕር ትል ነው። በሞተው ትል ላይ ያረፉ ዝንቦች እየሞቱ መታየታቸው ምርመራ አስከተለ፤ ኒታ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1934 እ.ኤ.አ. ኔሬይስቶክሲን የተሰኘውን መርዝ ለይቶ አወጣ፤ የኬሚካል ቅርጹ የታወቀው ግን በ1962 ነው። የብዙ እባቦች መርዝ ትልልቅ ፕሮቲኖች ያሉበት ሲሆን ይህኛው እጅግ ትንሽ ነው፦ ሦስት የካርቦንና እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት የሰልፈር አቶሞች ባለ አምስት ማዕዘን ቀለበት ይሠራሉ፣ በመካከለኛው ካርቦን ላይም ሁለት ሜቲሎች (ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠሩ ትንንሽ ቅርንጫፎች) የያዘ ናይትሮጂን ተቀጥሏል። ታኬዳ የተባለው ኩባንያ በ1967 ለገበያ ባቀረበው ካርታፕ ውስጥ ቀለበቱ ተከፍቶ ሁለቱ ሰልፈሮች ተሸፍነዋል፤ ወደ ተባዩ ሰውነት ሲገባ ሽፋኑ ይወገድና መርዙ ተመልሶ ይፈጠራል።

አሠራሩን ማወቅ ውጤቱን ለመመዘን ይጠቅማል። ማላታዮን የተባለው ሌላ የተባይ መድኃኒት፣ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ነርቭን ከልክ በላይ ያነሣሣል፤ የካርታፕ መርዝ ግን አሴቲልኮሊን የሚቀበለውን የነርቭ በር ስለሚዘጋ መልእክቱ አያልፍም፣ ተባዩም ይሽመደመዳል። በማሳዬም አባጨጓሬዎቹ ወዲያው አልረገፉም፤ በእንጨት ስነካቸው አካላቸው ልል ሆኖ ከቅጠሉ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ መብላት ግን አቁመው ነበር። ስለዚህ መመልከት የሚገባው አዲስ የተበሳ ቅጠል መኖር አለመኖሩን ነው፤ የሞተ ተባይ የሚቆጥር ገበሬ ያለ ምክንያት ደግሞ ይረጫል። የአሠራሩ መለየት፣ ሌሎቹን መድኃኒቶች ለለመደ ተባይ በፈረቃ ለመጠቀምም ያመቻል።

የሰልፈር ሽታው ከባድ ነው፤ ይህን ያህል ግን አላማርርም። ዋናው ጉድለት ካርታፕ በአሲዳማ ውኃ ሲጸና በገለልተኛና በአልካላይ ውኃ የሚፈራርስ መሆኑ ነው፤ በጥብጦ ለነገ ማሳደር ገንዘብ መጣል ነው። ለዓሣ መርዛማ ስለሆነ መርጫ ፓምፕን ሐይቁ ውስጥ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ ታንኳ ከሚያልፍበት ዳርቻ እየታጠበ ማየት ግን እንግዳ አይደለም። ንብ ላለው ጎረቤትም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ለመድኃኒቱ ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ ለመደብሩ ከሁለት አላልፍም። አስተናጋጁ ትሑት ነው፣ ዕቃውም በፀሐይ አልተቀመጠም፤ ነገር ግን ከእኔ በፊት ለነበሩት እናት ዱቄቱን መዝኖ ስም በሌለው ፌስታል ቋጥሮ ሲሰጣቸው አይቻለሁ። በዚህ መድኃኒት የተመረዘ ሰው ሕክምናው በማላታዮን ከተመረዘው ስለሚለይ፣ ሐኪሙ የሚያነበው ምልክት ያስፈልገዋል፤ ፌስታሉ ግን ምንም አይናገርም። ሻጩ የታሸገውን ብቻ መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ሌላ ገዢ ወደዚያ አልመራም።