ከሰመጠች ጀልባ ናፍጣ ያሳየኝ ቅባት

ማደያ ውስጥ የሠራ ሰው ናፍጣ ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚያሳየውን ይህን ቅባት ያውቀዋል። የጥርስ ሳሙና በሚመስል ቱቦ ይመጣል። መለኪያ ዘንግ ላይ ቀብተው ታንከር ውስጥ ይከቱታል። ናፍጣ የነካው ቡናማ እንደሆነ ይቀራል፤ ውሃ የነካው ቀይ ይሆናል። እኔ ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። ባሕር ዳር ፈልጌ ስላጣሁት ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። ያሰብኩት ለራሴ ታንከር ነበር፤ ያወጣሁበትን ገንዘብ የካሰኝ ግን ዘጌ ላይ ነው።

ሰኔ ላይ በማዕበል የሰመጠች አንዲት የብረት ጀልባ እስከ ኅዳር ድረስ ሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ ተኝታ ቆየች። በገመድ ጎትተን ወገቧ ሲወጣ ባለቤቱ ከታንከሩ ሥር ያለውን ቡሎን ላላ አደረጉት። ውሃ ወጣ። «ልጄ፣ ባዶ ነው፤ አትድከም» አሉኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፤ ሊትሩ 840 ግራም ገደማ ነው። ውሃ ሲገባ ናፍጣው ወደ ላይ ይሸሻል። ከሥር የፈተሸ ሰው የሚያገኘው ውሃ ብቻ ነው።

«አያ፣ እስቲ ከላይም እንየው» አልኳቸው።

ታንከሩ 100 ሊትር ይይዛል፤ ቁመቱ 40 ሳንቲ ነው። ዘንጉን ቀብቼ ከተትኩ፤ ግማሽ ደቂቃ ጠብቄ አወጣሁ። ከታች 22 ሳንቲ ደም መስሏል። ከዚያ በላይ ቡናማ ነው። መሐሉ በምላጭ የተሰመረ ይመስላል። 18 ሳንቲ ናፍጣ ማለት 45 ሊትር ገደማ ነው፤ ያውም የመንደሩ ልጆች በጀሪካን ውሃ ከሚቀዱበት 30 እርምጃ ሳይርቅ! ደንገሉም ያለው፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚጠመደውም እዚያው ነው። አምስት ወር ሙሉ በላዩ መመላለሴን ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ቅባቱ እንከን አለው። ሲመሽ ቀለሙን መለየት ይቸግራል። እጅ ላይ ከተለጠፈ ቶሎ አይለቅም። ትልቁ ጉድለቱ ግን ታንከሩ ካልተከፈተ አይሠራም።

ለትልልቅ መርከቦች ሌላ ዘዴ አለ። ከብረቱ ውጪ ሆነው ኒውትሮን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይልካሉ፤ የሚመለሰውን ይቆጥራሉ። ዘይትና የባሕር ውሃ የሚመልሱት መጠን ይለያያል። ነዳጅ መኖሩ ሲታወቅ ቫልቭ ገጥመው፣ ብረቱን በስተው ይቀዱታል። የአሜሪካዋ ነዳጅ ጫኝ ሚሲሲኔዋ እ.ኤ.አ. በ1944 ፓስፊክ ውስጥ ኡሊቲ ላይ ሰመጠች። ማፍሰሷ የታወቀው በ2001 ነው፤ ከ57 ዓመት በኋላ! በ2003 ባሕር ኃይሉ ወደ 7 ሚሊዮን ሊትር አወጣባት። ብረት ይዝጋል፤ ነዳጁ ግን ውስጡ ይጠብቃል።

እኛ በእጅ ፓምፕ ነው የቀዳነው። የፓምፑን ላስቲክ ከቀዩ መስመር በላይ ይዘን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞላን፤ ሦስተኛው ላይ አራት ሊትር ያህል መጣና ውሃ ተቀላቀለበት። እሱንም ሐይቁ ውስጥ አልደፋነውም። ዘንጉን ጠርጌ እንደገና ቀባሁና ከተትኩ። ባለቤቱ ራሳቸው ጎትተው አወጡት። እርጥብ የሆነው ሁሉ ቀይ ነበር።