የሰው ኤችዳክ6 ኢንዛይም፦ ወረቀቱ የሚለውና ቱቡሊን ላይ የታየው

በላቦራቶሪያችን ለአንድ ዓመት ያህል የተጠቀምንበት የሰው ኤችዳክ6 ኢንዛይም በጥንቃቄ ለያዘው ሰው ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ምርት ነው። ይሁን እንጂ ከቲዩቡ ጋር በሚመጣው የጥራት ማረጋገጫ ወረቀት ላይ የሰፈረው የአቅም ልክ፣ ኢንዛይሙ ቱቡሊን ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው፤ ቅሬታዬም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ቱቡሊን የሕዋስ አጽም አካል የሆነው ማይክሮቲዩቡል የሚገነባበት ፕሮቲን ነው። በአልፋ ቱቡሊን 40ኛ ቦታ ላይ ባለው ላይሲን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ አሴቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ቡድን ይለጠፋል፤ ኤችዳክ6 ደግሞ በዚንክ እየታገዘ ያነሣዋል። ሙሉ ስሙ ሂስቶን ዲአሴቲሌዝ 6፣ ማለትም በኒውክሊየስ ውስጥ ዲኤንኤ ከሚጠቀለልበት ከሂስቶን ፕሮቲን አሴቲል የሚያነሣ፣ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከኒውክሊየስ ውጭ፣ በሳይቶፕላዝም ውስጥ ስለሆነ ስሙ ጀማሪ ተማሪዎችን ሲያሳስት አይቻለሁ። የቱቡሊን ሥራው እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ሆነ፤ በ2003 ደግሞ እሱን ለይቶ የሚያግደው ቱባሲን የተባለ ውህድ ተገለጸ። ከዚያ ወዲህ የነርቭ ሕመምንና ካንሰርን የሚያጠኑ ላቦራቶሪዎች የሚፈልጉት ኢንዛይም ሆኗል።

የገዛነው 1215 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሙሉው ፕሮቲን ሲሆን፣ በባኩሎቫይረስ አማካኝነት በነፍሳት ሕዋሳት ውስጥ የተመረተና ለማጣራት የሚረዳ ጂኤስቲ የተባለ ፕሮቲን የተቀጠለበት ነው። በጄል ላይ ስናስኬደው ዋናው መስመር በሚጠበቅበት ቦታ፣ ማለትም ወደ 160 ኪሎዳልተን አካባቢ ታየ፤ ከሥሩ የታዩት ደብዛዛ መስመሮች ይህን ያህል ረጅም ፕሮቲን ሲመረት የሚያጋጥሙ ስብርባሪዎች ስለሚመስሉ አልነቀፍኩትም።

ዋናው ጉዳይ የአቅም መለኪያው ነው። አምራቹ የሚለካው ብርሃን ሰጪ ቀለም በተያያዘበት አጭር ፔፕታይድ (የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ነው፤ ኢንዛይሙ አሴቲሉን ካነሣ በኋላ የሚጨመረው ትሪፕሲን የተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ቀለሙን ቆርጦ ይለቀዋል፣ መሣሪያውም ብርሃኑን ያነባል። ዘዴው ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም፣ የምንፈትሸው ውህድ ኤችዳክ6ን ሳይነካ ትሪፕሲንን ብቻ ቢያግድ እንኳ ብርሃኑ ስለሚቀንስ፣ ጥሩ አጋች ያገኘን ይመስለናል። እኛም ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ያለ ውህድ ስናሳድድ ከቆየን በኋላ ነው አሴቲል የሌለውን ፔፕታይድ ለብቻው በትሪፕሲን መፈተን እንደነበረብን የገባን።

ስለዚህ ከአሳማ አንጎል የተጣራ ቱቡሊን ወሰድን፤ የአንጎል ቱቡሊን አስቀድሞ አሴቲል የበዛበት ስለሆነ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው። ውጤቱን 40ኛውን ላይሲን አሴቲል ይዞ ሳለ በሚለየው አንቲቦዲ፣ ፕሮቲኖችን በጄል ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳየው በዌስተርን ብሎት ዘዴ ተከታተልን። ኢንዛይሙ ባልተገጣጠመው ቱቡሊን ላይ በፍጥነት ሲሠራ፣ ታክሶል በተባለ መድኃኒት በጸናው ማይክሮቲዩቡል ላይ ግን በጣም ተጓተተ። ይህ የምርቱ ጉድለት ሳይሆን የኢንዛይሙ ጠባይ ነው። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ መጠኑን የሚያሰላ ሰው በማይክሮቲዩቡል ሙከራው ላይ ምንም ሳያይ ሊቀር ይችላል። ኤችዳክ6ን የመሰሉ በዚንክ የሚሠሩ ኢንዛይሞችን የሚያግደውን ትሪኮስታቲን ኤ ስንጨምር ሥራው ቆመ፤ ኤንኤዲ በተባለ ረዳት ሞለኪውል እየታገዘ ከቱቡሊን አሴቲል የሚያነሣው ሌላው ኢንዛይም፣ ሰርቱዊን 2፣ ለዚህ መድኃኒት ስለማይበገር፣ የለካነው የኤችዳክ6 ሥራ ለመሆኑ አንድ ማስረጃ አገኘን።

አያያዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቲዩቡ እንደደረሰ በበረዶ ላይ ቀልጦ፣ በትንንሽ መጠን ተከፋፍሎ፣ በ−80 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ደጋግሞ የቀለጠው ቲዩብ አቅሙ በግልጽ ወርዶ አግኝተነዋል። እንደ ዚንክ ያሉ ብረቶችን አጥብቆ የሚይዘው ኢዲቲኤ ያለበት መፍትሔ ዚንኩን ሊነጥቀው ስለሚችል ከሙከራው መራቅ ይኖርበታል። ሁለተኛው ትእዛዛችን ደረቅ በረዶው አልቆ ነበር የደረሰው፤ ሻጩ ለመተካት ቢስማማም ምላሹ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዕቃው ወደ አዲስ አበባ የሚላክለት ተመራማሪ የጉምሩኩን ቆይታ አስቦ ደረቅ በረዶው እንዲበዛለት አስቀድሞ በጽሑፍ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለውህዶች የመጀመሪያ ማጣሪያ ሥራ ያለ ማመንታት እገዛዋለሁ። ለማይክሮቲዩቡል ሥራ ከሆነ ግን ከመክፈሌ በፊት የዚያኑ የምርት ዙር የቱቡሊን ውጤት እጠይቃለሁ፤ ከሌላቸው ትንሹን መጠን ወስጄ ራሴ እፈትነዋለሁ።