የተነደፈ ሰው ዳይስ አይወረውርም

ጨዋታውን የሠራችው ጓደኛዬ ናት። ባዮሎጂ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ በአካባቢያቸው ያሉትን እባቦች እንዲለዩ ብላ ካርቶን ላይ ሥላ፣ ካርዶቹን በእጇ ጽፋ አንዱን የጨዋታ ሳጥን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ነርስ ነኝ። ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ ያነበብኩት የመጀመሪያ እርዳታ ካርዱን ነው። እሱ ላይ ስህተት ባገኝ ለልጆቼ አላሳያቸውም ነበር።

ስህተት የለውም። «አትቁረጥ። አትምጠጥ። በገመድ አትሰር። ቀለበትና አምባር አውልቅ። የተነደፈው አካል አይንቀሳቀስ። ቶሎ ሐኪም ቤት።» ገመድ የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። አንድ ጊዜ ከጉልበቱ በታች በጫማ ክር የታሰረ ወጣት አመጡልን። እግሩ ከማበጡ የተነሳ ክሩ አይታይም፤ በጣቴ ዳስሼ ነው ያገኘሁት። ያሰረው ወንድሙ ነበር፣ ሊያድነው ብሎ። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መርዝ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ክር ነው።

ሰሌዳው እባብና መሰላልን ይመስላል፤ 64 ቤት አለው። መጫወቻው ቆርኪ ነው። እባብ ያለበት ቤት ስትደርሱ ግን ዝም ብላችሁ አትንሸራተቱም። ካርድ ታነሳላችሁ፣ ሥዕሉን ታያላችሁ፣ ከዚያ ትመርጣላችሁ፦ ባሉበት መቆም፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ወይስ በዱላ መምታት? ዱላ የመረጠ ስድስት ቤት ይመለሳል። አይጥ የሚበላውን፣ መርዝ የሌለውን የቤት እባብ የገደለ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ሦስት የአይጥ ቆርኪ ይደረደርበታል፣ መንገዱም ይዘጋል። ልጄ ይሄ ሲደርስባት «ውይ፣ ለካ ይጠቅመን ነበር!» አለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ አይታ የምትጮህ ልጅ ናት።

ከሁሉም የወደድኩት የመነደፍ ሕጉን ነው። የተነደፈ ተጫዋች ዳይስ አይወረውርም፤ መንቀሳቀስ የለበትማ። ሌላው ተጫዋች የራሱን ተራ ሰውቶ፣ በወጣለት ቁጥር የተነደፈውን ቆርኪ ወደ ሐኪም ቤቱ ቤት ይወስደዋል። በሦስት ዙር ካላደረሰው የተነደፈው ከጨዋታ ይወጣል። ሥራ ቦታ ለሰው ማስረዳት የሚያቅተኝን ነገር ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በአንድ ዙር ገባው።

የማልስማማበትም አለ። እንቁላል በላው እባብ አረንጓዴና ፈገግ ያለ ሆኖ ተሥሏል። ይሄ መስተካከል አለበት። እውነተኛው እንቁላል በላ መርዝ የለውም፤ ጥርሱም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ እንቁላሉን እንዳለ ውጦ አንገቱ ውስጥ ባሉት አጥንቶች ይሰብረውና ቅርፊቱን ይተፋዋል። ነገር ግን መልኩ እፉኝት ይመስላል። ሲፈራ ቅርፊቱን እያፋተገ እንደ እፉኝት «እስስስ» ይላል። ልጅ ከሥዕሉ መማር ያለበት ሁለቱን በሩቅ መለየት እንደማይቻልና ሁለቱንም አለመንካት ነው። እፉኝት መስሎ ቢሣል ጨዋታውም ይከብዳል፣ ይጣፍጣል።

«እባብ ምንም አይሰማም» የሚለው ካርድም ይቀየር። የውጭ ጆሮ የለውም እንጂ የመሬቱን ንዝረት በመንጋጋው ይሰማል፤ ወፍራም ድምፅ በአየር ሲመጣም ያውቃል። ነገርኳት፤ እንደገና እጽፈዋለሁ ብላለች። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ካርዶቹ በሳምንታቸው ተጣጠፉ። እኔ በፕላስተር ሸፈንኳቸው። ማንበብ ለማይችል ልጅ አጠገቡ የሚያነብለት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል።

ትናንት ማታ ልጄ ለማሸነፍ ሁለት ቤት ቀርቷት ነበር። ወንድሟ «የደረቀ ቅጠል» የሚል ቤት ላይ ደረሰ። ካርዱን ሲያነሳ እፉኝት ነው። እፉኝት ቅጠሉን መስሎ ስለሚተኛ፣ ሰው ሲቀርበውም ስለማይሸሽ፣ በዚህ ቤት የባትሪ ካርድ የሌለው ይነደፋል። ልጁ ባትሪ አልነበረውም። እሷ ዳይሱን ወረወረች፣ አምስት ወጣ። የራሷን ቆርኪ አየችው። ከዚያ የወንድሟን አንስታ መቁጠር ጀመረች።

«ቀስ በይ» አላት፣ «እግሬን አታንቀሳቅሺው።»