ድሬ ላይ የአኳሪየም ተክል የምገዛበት ሱቅ፦ ምኑ ይገዛል ምኑ ይተዋል

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ አኳሪየሙን ጠጋ ብሎ ያይና "ፕላስቲክ ነው አይደል?" ይለኛል። አይደለም፣ የምር ተክል ነው፣ እዚሁ ድሬ የተገዛ። ወዲያው "የት?" ይመጣል። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የምቸገረው፣ ምክንያቱም ሂዱ ብዬ ዝም ብዬ ብልካችሁ ብራችሁን ትከስራላችሁ፣ አትሂዱ እንዳልል ደግሞ አሁን ቤቴ ያሉት ጥሩ ጥሩ ተክሎች ከዛው ሱቅ ናቸው። ስሙን አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ የሱቁ ልጅ ደግሞ እንጀራው ነው። ተክል የምትወዱ ሰዎች ጠይቃችሁ ታገኙታላችሁ።

ሱቋ ጠባብ ናት፣ ግድግዳው ሙሉ መስታወት፣ ከላይ አሳ ከታች ተክል፣ መሀል ላይ አንድ ቬንትሌተር ያለማቋረጥ ይዞራል። አሳዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ጉፒና ሞሊ ጎልድፊሽ ምናምን፣ ንፁህ ነው፣ የሞተ አሳ ተንሳፎ አይቼ አላውቅም። እንደማንኛውም የድሬ ሱቅ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋና እስከ 10 ሰዓት አይከፈትም፣ በዛ ሙቀት ሄዳችሁ በሩን እንዳታንኳኩ። ልጁ ደግሞ ተጫዋች ነው፣ "አቦ ና ግባ" ብሎ ነው የሚቀበላችሁ፣ ስትገዙም ሳትገዙም ሻይ ያዛል። ችግሩ ስለ ተክል የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ አይነት እርግጠኝነት ነው የሚናገረው። ቅጠሉ ረዘም ያለ ነገር ሁሉ እሱ ጋ "ጃቫ" ነው፣ ጃቫ ፈርን የሚባለውን የውሃ ተክል ማለቱ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አራት ተክል በ1400 ብር ገዛሁ። አንዱ ቀጥ ያለ አረንጓዴ ዱላ የሚመስለው ላኪ ባምቡ ነው፣ አንዱ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሰፊ ቅጠል፣ አንዱ ጠንካራ ሳር መሳይ፣ አንዱ ደግሞ ትንሽ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያለው። "ሁሉም የውሃ ነው ወላሂ" አለኝ፣ እኔም ውሃ ውስጥ ቆመው እያየኋቸው ምን ብዬ ልጠራጠር። በሁለት ወር ውስጥ ሶስቱ ሄዱ። በአንዴ አልሞቱም ኮ፣ እሱ ነው የሚያታልለው፣ ለሶስት አራት ሳምንት ቆንጆ ሆነው ይቆማሉ ከዛ ከስር በኩል ቢጫ ይሆናሉ፣ ስትነኩት ልስልስ ይላል፣ አንድ ቀን ጠዋት የአኳሪየሙን ክዳን ሳነሳ የረጋ ጉድጓድ ሽታ ነው የተቀበለኝ፣ ሁለት ጉፒ ሞተዋል። ውሃ ውስጥ የሚበሰብስ ቅጠል አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ ለአሳ መርዝ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ የተክል ኪሳራ ብቻ አልነበረም።

በኋላ ሳጣራ ባምቡ ተብዬው ቀርከሃም አይደለም፣ ድራሴና ነው፣ የየብስ ተክል፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቅጠሉ አየር ላይ ከሆነ ዓመታት ይኖራል፣ ሙሉ ለሙሉ ካጠመቃችሁት ግን ይበሰብሳል። ነጠብጣብ ያለው ዲፈንባኪያ ነበር፣ እናቶቻችን ሳሎን ውስጥ በማሰሮ የሚያሳድጉት እሱ ራሱ፣ ፈሳሹ እጅና አፍ የሚያሳክክ። ሳር መሳዩ ሞንዶ ግራስ ይባላል፣ እሱም የየብስ። የተረፈችው ትንሿ አኑቢያስ ነበረች፣ የምዕራብ አፍሪካ ወንዞች ዳር የምትበቅል፣ እስከዛሬ አለች።

ስለዚህ አሁን ሱቁ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው፣ ልጁን "አውጣልኝ እስቲ" እለዋለሁ። ከውሃ ሲወጣ ዋናው የውሃ ተክል እንደታጠበ ፀጉር ልፍስፍስ ብሎ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ሲኖር ውሃው ነው ደግፎ የሚይዘው፣ የራሱ ጥንካሬ የለውም። የየብሱ እንደቆመ ይቀራል። ቅጠሉንም ማየት ነው፣ የቤት ተክል ቅጠል ሰም የተቀባ ይመስላል ውሃ ስታንጠባጥቡበት ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል፣ የውሃው ስስ ነው፣ ላይት ላይ ብትይዙት የጣታችሁ ጥላ ያልፋል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ግን ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ ይሄን ፈተና ይወድቃሉ፣ እነሱን በቅርፃቸው መለየት ነው። ውሃ ውስጥ ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት፣ ቀይ ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ ሰፊ ቅጠል ካያችሁ ግን ዘጠና ከመቶ የሳሎን ተክል ነው በሉ።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ ባልዲ ሙሉ ተንሳፋፊ ነገር አምጥቶ "ይሄ አበባ ያወጣል፣ አሳ ጥላ ይወዳል" ይለኛል። አነሳሁት፣ የቅጠሉ እጀታ እንደ ትንሽ ሽንኩርት ያበጠ ነው፣ ስጫነው ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ነው፣ ከስሩ ጥቁር ላባ የመሰለ ሥር ተንጠልጥሏል። አንተ ይሄ እኮ እምቦጭ ነው አልኩት! ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ ጣናን እንዲያ ያስጨነቀው፣ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅለው የምናየው፣ የትውልድ ሀገሩ ደቡብ አሜሪካ ሆኖ ዓለምን የዞረው አበባው ያምራል ተብሎ ነው። ልጁ ደነገጠ፣ የምር አያውቅም ነበር፣ የሸጠለትም ሰው አልነገረውም። በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ባልዲው የለም። የት ወሰድከው ስለው ፀሐይ ላይ አድርቄ አቃጠልኩት አለኝ፣ እሱን አመሰገንኩት። ከሱቅም ይሁን ከቤታችሁ የተረፈ የአኳሪየም ተክል ቦይ ውስጥ ወይ ደቻቱ ወንዝ ላይ አትጣሉ እባካችሁ፣ አንድ ጎርፍ ሲመጣ የት እንደሚወስደው ማን ያውቃል።

የሚገዛው ምንድነው ላላችሁኝ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን እሱ ጋ ጥሩ አለ፣ ትንሹ አኑቢያስ 500 ብር አካባቢ ነው አሁን፣ ውድ ነው ግን አይሞትም። አንድ ነገር ብቻ፣ ልጁ ጠጠር ውስጥ ቀብሮ ነው የሚያሳያችሁ፣ እናንተ እንደዛ እንዳታደርጉ። ቅጠሎቹ የሚወጡበት አግድም የተኛ ወፍራም ግንድ አለ፣ ራይዞም ይሉታል፣ እሱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በስፌት ክር ድንጋይ ላይ ወይ እንጨት ላይ ማሰር ነው፣ ሥሩ ራሱ ቆንጥጦ ሲይዝ ክሩን ትበጥሳላችሁ። ጃቫ ፈርን ላይ ደግሞ ከቅጠሉ ጀርባ በተራ የተደረደረ ቡናማ ነጠብጣብ ብታዩ በሽታ መስሏችሁ እንዳትቆርጡት፣ ፈርኑ የሚራባበት ስፖር ነው፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይም ትንንሽ ልጅ ያወጣል፣ እኔ ከአንድ ተክል አምስት አድርጌያለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ለድሬ ውሃ የተፈጠሩ ሁለት ተክሎች አሉ፣ ልጁ በጣም በርካሽ ነው የሚሸጣቸው ዋጋቸውን አያውቅም መሰለኝ፣ ቫሊስኔሪያ እና ሆርንወርት። የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚይዘውን ነጭ ድንጋይ ያውቀዋል፣ ውሃችን ካልሲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ብዙ ለስላሳ ተክል እዚህ ውሃ ላይ ይጨነቃል፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያጥራቸው ከባይካርቦኔቱ ካርቦን መውሰድ ይችላሉ። ቫሊስኔሪያው እንደ ጥብጣብ ቀጭን ረጅም ሆኖ እስከ ላይ ይደርስና ውሃው ላይ ይተኛል፣ አንድ ቀን ማታ ላይት ልዘጋ ስል ቅጠሉን በጣቴ ሳብ ሳደርገው ሻከረኝ፣ ጥፍሬ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ታመመብኝ ብዬ ነበር። ለካ ቀኑን ሙሉ ያንን ባይካርቦኔት ሲጠቀም ኖራው ቅጠሉ ላይ ነው የሚቀረው፣ ያው የማንቆርቆሪያው ድንጋይ። ሆርንወርት ሥርም የለው፣ ዝም ብሎ መወርወር ነው፣ ጣና ውስጥም ይገኛል፣ መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ መርፌ መርፌ ቅጠሉን ያራግፋል ፊልተር ይደፍናል ከዛ ይለምዳል። ጀማሪ ከሆናችሁ በ100 ብር አንድ እስር ሆርንወርት ግዙና ሌላውን በኋላ ታዩታላችሁ።

ሳልጠቅሰው ባልፍ የማይሆን ነገር፣ አንዴ እሱ ትክክል እኔ ስህተት ሆኛለሁ። ክሪፕቶኮራይን የሚባል ቡናማ ቅጠል ያለው ተክል ሸጠልኝና "ቅጠሉ ቢሟሟ አትንካው" አለኝ። እኔ ከባምቡው በኋላ ምኑን ልመነው፣ በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ እንደ ረጠበ ወረቀት መሟሟት ሲጀምር ተናድጄ ነቅዬ ጣልኩት፣ ሄጄም ጮህኩበት። ይሄ ተክል ግን ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን ይጥላል ሥሩ ግን ደህና ነው፣ ከዛ ለውሃችሁ የሚስማማ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ብዙ የውሃ ተክል እርሻ ላይ ከውሃ ውጪ ስለሚያድግ ስታጠምቁት የድሮ ቅጠሉ መሞቱ ያለ ነው፣ መታየት ያለበት መሀሉ ላይ አዲስ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። እኔ ስነቅል ጠጠር ውስጥ የቀረች ሥር ነበረች፣ ከወር በኋላ ሁለት ቅጠል አውጥታ አገኘኋት፣ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።

ሙቀቱን በተመለከተ ልጁ የሚሰጠው ምክር ዜሮ ነው፣ እንዲያውም ሄተር ሊሸጥልኝ ሞክሯል፣ ድሬ ላይ ሄተር! ግንቦት ሰኔ ላይ የኔ ውሃ 31 ዲግሪ ደርሷል፣ ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ ተክሎቹ ደግሞ ማታ ማታ እንደኛ ኦክስጅን ነው የሚወስዱት፣ ስለዚህ ሌሊት ኤር ፓምፕ ማብራት ያስፈልጋል። ክዳኑን ከፍቼ ትንሽ ቬንትሌተር ውሃው ላይ አዞርኩበት፣ አየራችን ደረቅ ስለሆነ ወደ 28 ይወርዳል። ግን ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ኖራው አብሮ አይተንም፣ ዝም ብላችሁ እላዩ ላይ ብቻ ከሞላችሁ የውሃው ኖራ እየበዛ ይሄዳል፣ በየሳምንቱ ሩቡን ቀይሩ። ከሰዓት በኋላ ከሮቶ በቀጥታ እንዳትሞሉ፣ ያ ውሃ ለሻወር ራሱ ይፋጃል፣ ባልዲ ውስጥ ሲያድር ይቀዘቅዛል፣ የክሎሪን ሽታ ካለውም ይቀንስለታል። ላይት በቀን ለ6 ወይ ለ7 ሰዓት ያህል ማብራት ይበቃል፣ እሱ ለ12 ሰዓት አብራ ብሎኝ ውሃው አረንጓዴ ሾርባ ሆኖብኝ ነበር።

"ቫይታሚን" ብሎ በትንሽ ጠርሙስ ምን እንዳለበት ያልተፃፈበት ነገር ይሸጣል፣ አትግዙ፣ አኑቢያስና ፈርን ቀስ ብለው ስለሚያድጉ የአሳው ቆሻሻ ይመግባቸዋል። ቀንድ አውጣ እንቁላል ደግሞ አብሮ ይመጣል፣ እኔ አኑቢያስና ፈርኑን አንድ እጅ በረኪና ሃያ እጅ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ነክሬ በደንብ አጥቤ ነው የማስገባው፣ ቫሊስኔሪያና ሆርንወርት ግን በረኪና አይችሉም፣ እነሱን ባልዲ ውስጥ ለብቻ ሁለት ሳምንት አቆያቸዋለሁ።

ዕቃ የሚገባለት ሐሙስ ማታ ነው፣ አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ጥሩ ጥሩውን ታገኛላችሁ፣ ከጁምዓ በኋላ የሚቀረው የተረገጠው ነው። የራሳችሁን ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ የሚያስረው ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ በሚጠቀለልበት አይነት ስስ ፌስታል ነው፣ ባጃጅ ውስጥ ሱሪዬ ላይ ሁለቴ ፈሶብኛል።