«ዉዘሪንግ ሃይትስ»፦ የትኛውን እትም ልግዛ?

የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የኤሚሊ ብሮንቴን ልብ ወለድ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» መጀመሪያ የገዛሁት ዋጋውን ብቻ አይቼ ነው። ፊደሉ ደቃቅ፣ ማብራሪያም የሌለው ቅጂ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ጆሴፍ የሚባለው ሽማግሌ አገልጋይ አፉን ሲከፍት ንባቤ ቆመ። የሚናገረው በዮርክሸር የገጠር ዘዬ ነው። መዝገበ ቃላት ባገላብጥም አልተሳካልኝም።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆንን ሰዎች ምርጫው ከዚህ ሽማግሌ ይጀምራል። ልብ ወለዱ ብቻውንማ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ገንዘብ የምናወጣው ለማብራሪያው ነው።

ርካሹ የዎርድስዎርዝ ክላሲክስ እትም ነው። መግቢያም ማብራሪያም አለው፤ ለዚያ ዋጋ ትልቅ ነገር ነው። መግቢያውን ልብ ወለዱን ከጨረሳችሁ በኋላ አንብቡት ይላል፤ ምክሩን ስሙት። ለክፍል ንባብ ይበቃል።

ፔንግዊን ክላሲክስ ትንሽ ይወደዳል፤ እኔ ግን የምመርጠው እሱን ነው። ማብራሪያው ሰፋ ያለ ነው፣ የባለታሪኮቹ የዘር ሐረግም አለው። መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ካትሪን አሉ። ሊንተን የቤተሰብ ስም ነው፣ አንድ ልጅም በዚሁ ስም ይጠራል። ሐረጉ ታዲያ በጣም ያግዛል። ችግሩ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን መቼ እንደሞተ ቀድሞ ይነግራችኋል። ስለዚህ እያነበባችሁ የራሳችሁን በእርሳስ ሥሩ፤ የታተመውን መጨረሻ ላይ እዩት።

ሦስተኛው የኖርተን እትም ዋጋው የዎርድስዎርዙን ብዙ እጥፍ ነው። የኤሚሊ ግጥሞች፣ ደብዳቤዎች፣ የዘመኑ ሂሶችና የምሁራን ጽሑፎች አሉበት። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ሁለት ሦስት ሆኖ መግዛትም ይቻላል።

የትኛውንም ስትገዙ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. የ1847ቱ፣ ማለትም የመጀመሪያው እትም፣ ይሁን የ1850ው አጣሩ። ኤሚሊ በ1848 ሞተች። እህቷ ሻርሎት የ1850ውን እትም ስታዘጋጅ የጆሴፍን ንግግር ለአንባቢ እንዲቀል ብላ ነካክታዋለች። ለማንበብ ይቀላል፤ ስለ ኤሚሊ ቋንቋ ለሚጽፍ ተማሪ ግን አይሆንም።

መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ ሁለተኛውን ምዕራፍ ገልጣችሁ ጆሴፍን ፈልጉት። ንግግሩ አጠገብ የማብራሪያ ቁጥር ወይም ምልክት ከሌለ መልሱት። ያገለገለ ፔንግዊን በአዲስ ዎርድስዎርዝ ዋጋ ካገኛችሁ ደግሞ ሳታመነቱ ውሰዱት።